የሰባተኛው አልጋ ጠብታ

ዓለም ሁሉ ጦር በተማዘዘበት ዘመን፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዕለቱ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በሠራዊቱ ሆስፒታል በአራተኛው ክፍል ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ የክፍሉ ሹም ሻለቃ ሐኪሙ፤ ከጠቅላይ መምሪያ የመጡ አንድ ኮሎኔልና ሁለት መኮንኖች፤ ወታደሮቹ «ግማሽ ጆሮ» የሚሉት አስታማሚ አሥር አለቃ፤ አሥራ አራት በሽተኞች፤ የመድኃኒት ቤቱ ቀማሚ የነበረች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት። ከበሽተኞቹም መካከል በሰባተኛው አልጋ ላይ የተኛው የዚችው ሴት የእህት ልጅ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚያ ሐሙስ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

አራተኛው ክፍል ቁስል የማይታይባቸው ወታደሮች የሚተኙበት ነበር። አንዱ እጁ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ድምፁ ጠፍቶ በጣቱ ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ እግሩ ደኅና ሆኖ ሳለ አልሸከምህም ብሎታል። ሻለቃ ሐኪሙ እነዚህን ሰዎች የሚያክሙት በቃል ነበር። ከበሽተኛው ራስጌ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ አውራ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ ያሳርፋሉ፤ ከዚያም በዝግታ፣ ምንም በማይቸኩል ድምፅ፣ «ዐይንህ ከበደ። አሁን የምትሰማው የኔን ድምፅ ብቻ ነው። እግርህ ያንተ ነው። ስነግርህ ትነሣለህ» ይላሉ። ሰውየውም ይነሣ ነበር። በሁለት ሳምንቱ ጠመንጃውን ተረክቦ በባቡር ወደ ጦር ግንባር ይመለሳል። ወታደሮቹ እንዲህ ያለውን ሰው «ድምፅ በላው» ይሉታል።

ክፍሉም የራሱ ሥርዓት ነበረው። አዲስ የመጣ በሽተኛ ከግድግዳው ሥር አሥራ አራተኛው አልጋ ላይ ይተኛል፤ በበሩ በኩል አንድ ሰው በወጣ ቁጥር ሁሉም አንድ አንድ አልጋ ወደ በሩ ይጠጋሉ። ሰባተኛው አልጋ ላይ ሲደርስ ሻለቃው ሥራቸውን ይጀምራሉ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሦስት ጊዜ። የተነሣው በእግሩ ወደ ስድስተኛው አልጋ ይሄዳል። በሦስተኛውም ጊዜ ያልተነሣ «የማይድን» ተብሎ ወረቀት ይሰጠውና ወደ ቤቱ ይሸኛል። እንዲህ ያለ ሰው ግን ገና አንድም አልታየም ነበር። ሻለቃው ሥርዓቱን ይወዱታል፤ አልጋው ወደ በሩ በቀረበ ቁጥር የሰውየውም ልብ ወደ መዳን ይቀርባል ባይ ነበሩ። ግማሽ ጆሮ ግን አልጋ ሲገፋ፣ «ወደ በሩ ማለት ወደ ባቡሩ ማለት ነው፤ እኔ ብሆን ግድግዳውን ነበር የምወደው» እያለ ያጉረመርም ነበር።

ቀማሚዋ ሥራውን የተማረችው ከባሏ ነው። ባሏ በመጀመሪያው ዓመት በተስቦ ሞተ፤ ሌላ ቀማሚ ስላልተገኘ ቁልፉ እሷ እጅ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም። በየማለዳው በዕንጨት ገበታ ላይ የተደረደሩትን አሥራ አራት ትንንሽ ብርጭቆዎች ትሞላለች፤ ገበታው ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ቀዳዳ፣ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ደግሞ የአልጋ ቁጥር አለው። ለየትኛው ቁጥር ምን እንደሚቀዳ የሚነግራት በቁም ሣጥኑ መዝጊያ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ነው። በሽተኞቹ አልጋ ስለሚለዋውጡ ዝርዝሩን በእርሳስ ትጽፈዋለች፤ ሲዛወሩ ትደመስሰዋለች፤ እንደገና ትጽፈዋለች። በቀለም የተጻፈው ሰባተኛው ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ልቡ የደከመ አንድ የወጥ ቤት ሃምሳ አለቃ ለብዙ ሳምንት ተኝቶ ነበር፤ ከቦታው መነቃነቅ ስለማይችል ሻለቃው ሰባተኛውን ለሱ ትተው ሌሎቹን በስድስተኛው አልጋ ሲያክሙ ቆዩ። ለሱ የታዘዘለት ከአንድ መራራ ቅጠል በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣ ቡናማ ጠብታ ነው፤ ልብ ያበረታል፣ ድብታ ያባርራል፤ በየማለዳው አሥር ጠብታ። ሃምሳ አለቃው ሞተ። አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጠ። በቀለም የተጻፈው ግን በላጲስ አልጠፋም፤ የደከመችው ሴትም ልብ አላለችውም።

ከሃምሳ አለቃው በኋላ በሰባተኛው አልጋ የተኙ ሦስት ሰዎች በተከታታይ አልነሣ አሉ። አንዱ ማረሻው ቤቱ የሚጠብቀው ገበሬ ነበር፤ ሁለቱ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ሦስቱም ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሻለቃው ቀማሚዋን አስጠሩ።

«እመት ቀማሚ፣ ሰባተኛው አልጋ ምን ነካው?»

«ምን ሆነ ጌታዬ?»

«ሦስት ሰው አመለጠኝ። ዐይንህ ከበደ ስለው ያፈጥብኛል። አንዱማ ‹ሻለቃ፣ ጉሮሮዎ ደርቋል፣ ውኃ ይጠጡ› አለኝ። እናንተ የምትሰጧቸው የተለየ ነገር አለ?»

«የለም ጌታዬ» አለች፤ ያመነችውን ነበር የተናገረችው።

ወደ መድኃኒት ቤት ተመልሳ ዝርዝሩ ፊት ቆመች። በእርሳስ ከተጻፉት አሥራ ሦስት መስመሮች መካከል ያ አንድ የቀለም መስመር እንደ እንግዳ ሰው ያፈጥጥባታል። ያን ጊዜ ገባት። ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሣች፤ ጠርሙሱን አውርዳ በብርጭቆ ውኃ ላይ አሥር ጠብታ አንጠባጠበችና ምን እንደሚያደርግ ልታይ ራሷ ጠጣችው።

ያን ዕለት ጥጥና ፋሻ የምትረከብበት ቀን ነበር። የግምጃ ቤቱ ሹም አፉ ቅቤ የሆነ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ ዝናብ ያገኘውንና የሻገተውን ጥጥ ለሷ ያሸክማታል፤ እሷም በየሳምንቱ አይሆንም ልትል ሄዳ ተሸክማ ትመለሳለች።

«እቴዋ! እንኳን መጣሽ» አላት። «ዛሬን ብቻ ይቺን ውሰጅልኝ፤ የሚቀጥለው ሳምንት በረዶ የመሰለውን አወጣልሻለሁ።»

«ይኼ ሻግቷል።»

«ትንሽ ነው እንጂ! አፈር ስሆን፣ ዛሬን ብቻ!»

«አይሆንም።»

«በሞቴ!»

ቀማሚዋ ቆማ አየችው። አልተናደደችም፤ አላፈረችም፤ ልቧም ከወትሮው የተለየ አልመታም። ቃሉ ጆሮዋ ድረስ ይመጣል፤ እዚያ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። በሕይወቷ ስንት ጊዜ በዚህ ቃል እንደተሸነፈች አሰበችና ገረማት።

«ኋላ ሞተህ ትቀርና ጥጡ እኔ ላይ ይቀራል» አለችው። «ደረቁን አምጣ።»

ሹሙ ራሱን አከከ። «ምን ነካሽ ዛሬ? ማን መክሮሽ ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ምን ላድርገው?»

«ፀሐይ ስትወጣ አስጣው።»

ደረቁን ጥጥ ተሸክማ ስትመለስ የጠብታውን ነገር ለሻለቃው መንገር እንዳለባት ታውቅ ነበር። በስምንተኛው አልጋ በኩል ስታልፍ ግን የእህቷን ልጅ አየችው።

ወታደሮቹ «ሸንበቆ» ይሉታል፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ወደ ነፈሰበት ይጎነበሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ለሰው ሁሉ እሺ ባይ ነበር። ጎረቤት ሲልከው እሺ፤ ጓደኛው ቀምቶት ሲያበቃ ዝም በል ሲለው እሺ። እናቱ የሞተችው በሰባት ዓመቱ ነው። ስትሞት ታላቅ እህቷን እጇን ይዛ፣ «እትዬ፣ ይህ ልጅ አይሆንም ማለት አልተፈጠረበትም፤ ለማን እሺ እንደሚል አንቺ ምረጪለት» አለቻት። እሱም እናቱ ትጠራት እንደነበረው «እትዬ» እያለ አደገ። በሃያ ዓመቱ ገበያ መካከል አንድ ወታደር መልማይ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አንተማ ተፈጥሮህ ወታደር ነው!» ሲለው ያንኑ ዕለት ፈርሞ ተመለሰ። እትዬ ያን ቀን ቤት አልነበረችም። ከዚያ በጦር ግንባር ምሽግ ተደርምሶበት፣ ከሞቱ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ግማሽ ቀን አፈር ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ፣ እግሮቹ የሱ አልነበሩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ነገ ሰባት ቁጥር ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሻለቃው ተነሥ ሲሉኝ የምነሣ ይመስለኛል።»

«ለምን?»

«ተነሥ ስለሚሉኝ ነዋ!» አለና እንደ ማፈር ብሎ ሣቀ። ቀጥሎ ግን ሣቁ ጠፋ። «እዚያ ልመለስ አልፈልግም፣ እትዬ። ግን ሲነግሩኝ... ታውቂኝ የለም?»

ግማሽ ጆሮ አንሶላ እያጠፈ ነበር። ግራ ጆሮውን መድፍ ወስዶበታል። «እኔን በግራ በኩል እስከ ማታ ቢሰብኩኝ አልተኛላቸውም። ለዚህ ልጅ ይቺን ጆሮዬን ለአንድ ሳምንት ባዋስኩት!» አለ።

ቀማሚዋ ወደ መድኃኒት ቤቷ ገባች። የቀለሙን መስመር ለመፋቅ ያነሣችው ትንሽ ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየችው፤ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያደረገችው ይኸው ነው። ሦስት ሰዎች በስሕተቷ ቤታቸው ገብተዋል፤ አራተኛው የሷ ቢሆን ሰማይ አይወድቅም ብላ ራሷን አጽናናች።

ሰኞ ጠዋት አሥሩን ጠብታ ጠጣ። ሻለቃው አውራ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

«ዐይንህ ከበደ።»

«አልከበደኝም ጌታዬ።»

ከብርድ ልብስ ሥር የታፈነ ሣቅ ተሰማ። ሻለቃው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ ላባቸው በአንገታቸው ወረደ፤ ሸንበቆ ጣሪያውን እያየ በትሕትና አዳመጣቸው። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀማሚዋ መጥታ ብርድ ልብሱን ስታስተካክልለት በዝግታ፣ «እትዬ፣ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ። ከዚያ በፊት እግሬን ሳስበው የሚሰማኝ ሁሉ ይጮኽብኝ ነበር፤ የአለቃው ትእዛዝ፣ የነዚያ የሁለቱ ልጆች ድምፅ፣ ሁሉም። አሁን ዝም አሉ። እግሬና እኔ ብቻ ቀረን።»

«ስማኝ፤ ለማንም አትናገር። ነገ ኮሎኔሉ ይመጣሉ። ሲጠይቁህ ‹አልችልም› በል። አንድ ቃል ናት። ከዚያ ወደ ቤት ትሄዳለህ።»

ልጁ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ፣ እትዬ።»

ሠላሳ ጠርሙስ የሚታጠብ ስለነበራት ተነሥታ ሄደች። እሺ እንዳላላት ያስተዋለችው እጇን አረፋ ውስጥ ነክራ ሳለ ነው።

ያን ሳምንት ጠቅላይ መምሪያው ለታላቁ የወንዝ ማዶ ዘመቻ ሰው ይሰበስብ ነበር፤ ሆስፒታሎች ሁሉ መቆም የሚችለውን ሁሉ እንዲያስረክቡ ታዝዟል። ሐሙስ ማለዳ ጋሪዎች ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። ቀማሚዋ ጠርሙሱን በሰባተኛው ብርጭቆ ላይ ዘንበል አድርጋ ቆመች። ካንጠባጠበች ልጁ ሻለቃውን አይሰማም፤ እሷንም አይሰማትም። ካላንጠባጠበች ደግሞ እሷን ይሰማታል፤ ነገር ግን ከሷ በኋላ ሻለቃው ይናገራሉ፤ የሱ እሺ ሁልጊዜም መጨረሻ ለተናገረው ነው። የሰው ምክር የማይገባበትን በር እሷ ራሷ ዘግታ፣ የራሷ ምክር በየት በኩል እንዲገባ እንደጠበቀች አሰበች። መላ የምታወጣበት ጉልበት አልነበራትም። አሥሩን ቆጥራ አንጠባጠበች።

በሦስት ሰዓት ኮሎኔሉ ገቡ። ካፖርታቸውን አላወለቁም። ሻለቃው ተቀምጠው፣ ከሰኞም ከማክሰኞም ይበልጥ ጣፋጭ በሆነ ድምፅ ለሩብ ሰዓት ተናገሩ። ሸንበቆ ዐይኑን አልከደነም።

«ይበቃል» አሉ ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን አይተው። «ወታደር፣ መነሣት አትችልም?»

ቀማሚዋ ገበታውን ይዛ ከግማሽ ጆሮ አጠገብ ቆማለች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ «አልችልም» አለ። ልጁ አያት። ማየቱን አየች።

«እችላለሁ ጌታዬ» አለ።

ብርድ ልብሱን ገፈፈ፤ እግሮቹን አወረደ፤ የአልጋውን ብረት ይዞ ተነሣ። ከዚያ ብረቱን ለቆ ቆመ። ሻለቃው ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ይኸውልዎ ክቡር ኮሎኔል! አርባ ሁለተኛው!»

«ያስነሡኝ እርስዎ አይደሉም ጌታዬ» አለ ሸንበቆ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግሬ ደኅና ነው። ወደ ጦር ግንባር ግን አልመለስም።»

ግማሽ ጆሮ ደኅነኛውን ጆሮ ወደ አልጋው አዞረ።

«አልሄድም ነው የምትለው ወይስ አልችልም?» ሲሉ ኮሎኔሉ ጠየቁ፤ ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ መውጫ ቀዳዳ እየሰጡት ነበር።

«እችላለሁ፤ አልሄድም።»

«ማን ነው እንዲህ በል ያለህ?»

«ጌታዬ፣ የመከሩኝ ሁሉ ሌላ ነገር ነው የመከሩኝ።»

ቀማሚዋ ገበታውን ግማሽ ጆሮ እጅ ላይ ጥላ ወደፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ እሱ አይደለም የሚናገረው! መድኃኒቱ ነው! እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ቡናማውን ጠብታ፤ ከዚህ በፊትም...»

ሻለቃው ዘወር አሉ። በፊታቸው ላይ ሦስቱ ያመለጡ ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ ቀማሚዋ አየች። ሻለቃው ገብቷቸዋል። ደግሞም አርባ አንድ ሰው ያስነሣ ድምፅ በአሥር ጠብታ እንደሚከሽፍ በኮሎኔል ፊት ቢነገር ምን እንደሚሆን ገብቷቸዋል።

«እመት ቀማሚ ደክሟቸዋል» አሉ። «ልጁ ዘመዳቸው ነው። ሐዘን ያናግራቸዋል። አሥር አለቃ፣ አስወጣቸው።»

ግማሽ ጆሮ ግራ ጆሮውን ወደ ሻለቃው አዞረ። «ምን አሉ ጌታዬ?»

«አስወጣቸው!»

«አልሰማሁም ጌታዬ።»

ያወጣት ማንም አልነበረም፤ ያዳመጣትም እንዲሁ። ልጁ ግን አንድ እርምጃ ወደሷ ተራመደና፣ «እትዬ፣ ተይ። እስከዛሬ የደከምሽው ይበቃል» አላት። ጋሪ ይምጣለት ወይ ብለው ሲጠይቁ አያስፈልግም አለ። በሁለት ወታደሮች መካከል በበሩ በእግሩ ወጣ።

የጦር ፍርድ ቤቱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድንጋይ እንዲፈልጥ ፈረደበት። ጦርነቱ ያለቀው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። በዚያ ሐሙስ ከሆስፒታሉ ግቢ በተነሡት ጋሪዎች የሄዱት ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ነበር፤ ተመልሶ የተሻገረው ጥቂቱ ነው። ልጁ እጁ ሻክሮ፣ ሳንባው በድንጋይ ዱቄት ተጎድቶ ተመለሰ፤ ከአክስቱም ጋር አብሮ ኖረ። ያን ቀን የተናገረው እሱ ይሁን ጠብታው አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። አንዳንድ ጊዜ ውኃ አምጣልኝ ስትለው ከመነሣቱ በፊት ትንሽ ያስባል፤ እሷም ያን ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ ትመልስ ነበር። ሻለቃ ሐኪሙ ኋላ ስለ ሥራቸው መጽሐፍ አሳተሙ፤ በመጽሐፉ ውስጥ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ አርባ አንድ የተፈወሱ፣ ሦስት የማይድኑ፣ አንድ ትእዛዝ የጣሰ ወታደር ይገኛሉ። የተፈወሱት የት እንደደረሱ አልተጻፈም፤ ስለ ጠብታውም አንድ መስመር የለም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስለ ቀለምና ስለ እርሳስ ሊያስብ አይችልም።

ቀማሚዋ በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢላዋውን ከመሳቢያ አውጥታ የቀለሙን መስመር ፋቀችው። ሰኞ ጠዋት በስምንተኛው አልጋ ላይ የነበረው ሰው ወደ ሰባተኛው ተዛወረ፤ በሦስት ሰዓት ዐይኑን ከደነ፤ በሦስት ሰዓት ከሩብ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ስድስተኛው አልጋ ሄደ።